ይመስገን እንግዲህ

ባለፈው ሳምንት የድሮ የሥራ ባልደረባዬን መንገድ ላይ አገኘሁት። ግራ እጁ በጄሶ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ! አንተስ?»

«ይመስገን። እጅህ ምን ሆነ?»

«ተሰበረ።»

«ውይ! ሥራስ?»

«ለቀቅኩ። ማለቴ... ለቀቁኝ።»

«ቤተሰብስ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን። ባለቤቴ ብቻ እናቷ ዘንድ ሄዳለች።»

«ለጥየቃ?»

«እሱን እንኳ ገና አልነገረችኝም።»

«በጣም ደህና ነኝ» ካለኝ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም፤ «ይመስገን» ስለው የቤት ኪራይ ልከፍል የተበደርኩትን ብር የምመልስበት ቀን አልፎ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሁለታችንም ተመሰጋግነን፣ ሁለታችንም ተዋሽተን ተለያየን።

የአገራችን ሰላምታ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መልስ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ የሰውዬው ወሬ የሚጀምረው ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ነው። የማያውቅ እንግዳ በመጀመሪያው መልስ ረክቶ ከሄደ፣ ይህን ሕዝብ ያህል ደስተኛ ሕዝብ የለም ብሎ ለአገሩ ሰው ያወራል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ያየኋቸው እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ተሰልፈው፣ ካርድ አውጥተው፣ ወገባቸውን በነጠላ ጠፍረው በስንት ጣር ከሐኪሙ ፊት ደረሱ። ሐኪሙ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉት። ደግነቱ ሐኪሙም የአገር ልጅ ነውና አላመናቸውም።

ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠው «ይመስገን» አንድ ቃል አይደለም። «ተመስገን!» ተብሎ እንደ ርችት ሲፈነዳ ቪዛ ተመትቷል ወይም ልጅ ተወልዷል። «ይመስገን» ተብሎ ድምፁ ቁልቁል ሲወርድ ደሞዝ ገና ነው። «ተመስገን ነው» የሚለው ሽንኩርት ገዝቶ የተመለሰ ሰው ነው። «ይመስገን፣ ምን ይደረግ» ምስጋናና አቤቱታን በአንድ ፖስታ አሽጎ መላክ ነው፤ ተቀባዩ የፈለገውን ያንብብ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን «ይመስገን እንግዲህ» ነው። በተለይ ተናጋሪው «እንግዲህ» ላይ ትንሽ ከቆየ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ አለውና ብድር አትጠይቁት።

ቃሉን ልቀልድበት ፈልጌ አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ መራገም የሚቀለው ብዙ ሕዝብ አለ፤ የእኛ አፍ ግን ሳያስበው እንኳ ወደ ምስጋና ያዘነብላል፤ ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ በዚህ ሀብት የምንሠራበት ነገር ነው።

የምስጋናችንን መጠን የምንለካው በሌላው ሰው መከራ ነው። «የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» የተባለው ስለ ስደት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ጸሎትም ኖሯል። አንድ ዘመዴ እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቀው ሄድን። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ሁለት እግሮቹ የተሰበሩ ሰው ተኝቷል። ከመካከላችን አንዷ፣ ድምፅ መቀነስ የማይሆንላት ዘመዳችን፣ ያንን ሰውዬ በአገጯ እያመለከተች «ኧረ አንተስ ተመስገን በል! ያንተ እኮ አንዱ ብቻ ነው!» አለችው። ሁላችንም ወደ ጎረቤቱ አልጋ ዞረን በሁለት እግሮቹ አመሰገንን። ሰውዬው ይሰማል፤ እግሩ እንጂ ጆሮው አልተሰበረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ ስንል፣ ለካ ከግድግዳው በኩል ሦስተኛ አልጋ አለ፤ እሱም የእሱን የባሰ ይፈልጋል። «ሦስተኛውስ ማንን አይቶ ነው የሚያመሰግነው?» ብዬ ዘመዴን በጆሮው ጠየቅኩት። «የእሱ መስኮት ወደ አስከሬን ክፍል ነው የሚያየው» አለኝ።

እንዲህ ዓይነቱ ምስጋና በወንጌልም አለ፤ የምናነበው ግን ዘወትር ሌላውን ሰው አድርገን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ፤ አንዱ ፈሪሳዊ፣ ሌላው ቀራጭ። ፈሪሳዊው መጥፎ ሰው ነው ብለን ስለምናልፈው የጸሎቱን ዓይነት ልብ አንለውም። ሰውዬው አልተራገመም፣ ሀብት አልለመነም፣ ጠላቴን አጥፋልኝ አላለም። ያደረገው ምስጋና ነው! እንደ ሌላው ሰው፣ በተለይ እንደዚያ እንደ ቀራጩ ስላልሆነ አመሰገነ። ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ቢመጣ ኖሮ ከእኛ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ለምስጋና ያለንን ጥድፊያ ማየት የፈለገ ደግሞ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ይሂድ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጸሎተ አኮቴት፣ የምስጋናው ጸሎት፣ የሚደርሰው ገና መጀመሪያ ላይ ነው፤ ምንባቡም፣ ወንጌሉም፣ ሌላውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጸሎቱ የሚያመሰግንበትም ምክንያት ቪዛ አይደለም፣ ዕድገት አይደለም። ተጠብቀን፣ ተረድተን እዚህች ሰዓት ላይ መድረሳችን ነው። ችግሩ ያ ሲባል አብዛኞቻችን አለመድረሳችን ነው። ካህኑ እስከዚች ሰዓት ስላደረሰን ሲያመሰግን እኛ ገና ታክሲ እየጠበቅን ነው። ነጠላችንን እያስተካከልን ከወንጌሉ ጋር እንደርሳለን። ምስጋናው አምልጦን ልመናው ላይ፣ በተለይም የየራሳችን ልመና ላይ፣ ሙሉ ለሙሉ እንገኛለን። እኔ ለሰሞኑ መዘግየቴ በቂ ምክንያት ነበረኝ። ካለፈው እሑድ ጋር አንድ ዓይነት ምክንያት ነው።

ልመና ካነሣን ስለት አለ። ታኅሣሥ 19 ቀን ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ቁልቡ ገብርኤል የሚሄደውን ሰው ያየ፣ ስለ ኢትዮጵያዊ ተስፋ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም። በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ፣ በስለት የተገኘውን ሕፃን ክርስትና ሊያስነሣ ታቅፎ የሚጓዝ አለ። ጥላው፣ ወርቁ፣ ጧፉ ልክ የለውም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የስለት ልጅ ነው፤ ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ አሠሩት ይባላል። በዚያ ዳገት ላይ የሚፈሰውን እንባ የሚያፌዝበት ሰው ልቡ ከድንጋይ ነው። እኔም አላፌዝም።

የስለቱ አረቃቀቅ ግን ይገርመኛል። የእኛን ስለት ላነበበ ሰው የሕግ ባለሙያ ያረቀቀው ውል ይመስለዋል። አንቀጽ አንድ፣ ተሳዩ የሚፈልገው ጉዳይ፤ አንቀጽ ሁለት፣ ጉዳዩ የሚፈጸምበት የጊዜ ገደብ፤ አንቀጽ ሦስት፣ ሲፈጸም የሚከፈለው ጥላ፣ ከነዘርፉ። ቅድሚያ ክፍያ የለም። በጊዜው ካልተፈጸመ ተሳዩ ወደ ሌላ ደብር የመሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ለአንድ ጉዳይ ለሦስት ታቦት በአንድ ጊዜ ተስላ፣ ጉዳይዋ ሲሳካ ለየትኛው እንደምትከፍል ግራ ገብቷት ነበር። እንደ ጨረታ ነገር መሆኑ ነው፤ አሸናፊው ግን አልታወቀም።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። በብር የተሳለ ሰው ደስ አለው፤ 500 ብር የተሳለ በዚያው 500 ብር ተገላገለ። በዶላር የተሳለው ወዳጄ ግን እንቅልፍ አጣ። ወንድሙ ውጭ አገር እንዲገባለት 100 ዶላር ተስሎ ነበርና፣ ወንድምየው ገባ፣ ዶላሩም አብሮ ወጣ። ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ «አባ፣ በተሳልኩበት ቀን ምንዛሪ ብሰጥ ያስኬዳል?» አላቸው። አባ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ልጄ፣ ወንድምህ የሚልክልህን በየትኛው ቀን ምንዛሪ ነው የምትቀበለው?» አሉት። ከፈለ። ሲከፍልም በድምፅ ማጉያ «ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉ አንድ ወንድም» ተብሎ ተነገረለት፤ እሱም ያ ወንድም ማን እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ ደረቱን ነፍቶ ዙሪያውን ተመለከተ።

እንግዲህ ታኅሣሥ 19 ቀን ምን እንደሚታሰብ ልብ በሉ። ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም ብለው ወደ እሳት የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ በመልአኩ የዳኑበት ቀን ነው። እኛ ታሪኩን የምንወደው መጨረሻውን ነው፤ እሳቱ በረደ፣ ልብሳቸው እንኳ አልሸተተም። ወጣቶቹ ለንጉሡ የመለሱለትን መልስ ግን በዳንኤል ምዕራፍ 3 ሂዱና እዩት። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም ያው ነን አሉ። ስለት የለም፣ ውል የለም፣ ገደብ የለም። ይህቺ «ባያድነንም» የምትል ቃል በእኛ ውል ውስጥ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደምትገባ ብዙ ፈለግኩ፤ እኔ የተሳልኳቸው ላይ የለችም። እነሱን ባከበርንበት ቀን፣ እነሱ ያልተዋዋሉትን ውል ይዘን ዳገት እንወጣለን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር የገባነውን ቃል የሚያስታውስ አለ? እኔ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ስላፈረስኩት። ካህናቱ ጽና ይዘው መንገድ ለመንገድ ያጥኑ ነበር። ፋሲካን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አስቀደስን። ያኔ «ይህ ብቻ ይለፍ እንጂ ከዚህ በኋላ ሰው ተጋፋኝ ብዬ አላማርርም፤ ሰው የናፈቀኝን ያህል!» ብዬ በእንባ ተናግሬያለሁ። አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ያለውን ረዳት በእግዚአብሔር ስም ስራገም ራሴን ያዝኩት።

ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ እዚህ ድረስ እያነበቡ ፈገግ ብለው ከሆነ አይቸኩሉ፤ ስለት የላቸውም እንጂ ምስክርነት አላቸው። ጎረቤቴ ያለው አዳራሽ እሑድ እሑድ በሞንታርቦ ስለሚመሰክር፣ የማን ቪዛ መቼ እንደተመታ ከቆንስላው ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። አመሰካከሩ ወግ አለው፤ መጀመሪያ የመከራው ርዝመት፣ ቀጥሎ ተስፋ የቆረጡት ሰዎች ብዛት፣ ከዚያ «ጌታ ግን!» ይባልና አዳራሹ ይናጋል። አንድም እሑድ «ለምኜ ነበር፣ አልተሰጠኝም፣ እነሆ ግን አሁንም እዚህ አለሁ» ብሎ ማይክ የያዘ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መቼም የተከለከለ ሰው በመካከላቸው ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ማይኩ ነው የማይደርሰው።

ደግሞ ይህ የመሠረተ ክርስቶስ አዳራሽ የራሱን ታሪክ ቢያስታውስ! ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ሕንፃዎቿን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ መዝሙሩን ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው እየዘመሩ ዓመታት ገፉ። ስለ ዕድገት ወይም ስለ ቪዛ የሚያመሰግኑበት ምንም አልነበራቸውም፤ በሩ ሳይንኳኳ ስላመሸ ነበር የሚያመሰግኑት። ደርግ ሲወድቅ ብዙ እጥፍ ሆነው ብቅ አሉ። ያኔ በሹክሹክታ የተመሰገነ አምላክ አሁን በሞንታርቦ ካልሆነ እንደማይሰማ ማን እንደነገረን አላውቅም። የእኛው ድምፅ ማጉያም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያንኑ ስለሚያስብ፣ በዚህ ጉዳይ ቤተ እምነቶቹ ተስማምተዋል።

ቴሌግራምም አለ። «ይህን ለ12 ሰው ካካፈልክ ዛሬ ማታ መልካም ዜና ትሰማለህ» የሚል ሥዕለ ማርያም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። ላኪዋ አክስቴ ናት፤ የምትልከው ደግሞ እኔ በሞላሁላት ጥቅል ነው። እስካሁን የሰማሁት መልካም ዜና ጥቅሉ ማለቁን ነው።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ብጠቅስ ቡና አይጠሩኝም። እትዬ ከበራችን ፊት ለፊት ጉሊት ይሸጣሉ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት። ኮንዶሚኒየም የተመዘገቡት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2005 እንደገና ተመዘገቡ። ከቲማቲሟም ከቃሪያዋም እየቀነሱ በየወሩ ቆጠቡ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ወጣ ተባለና፣ የሰፈር ልጅ በስልኩ ከተዘዋወረለት ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን አገኘሁ ብሎ እየጮኸ መጣ።

ያንን ምሽት መቼም አልረሳውም። እልልታው አስፋልት ድረስ ተሰማ። እትዬ ያላቸውን ዱቄት ሁሉ አቡክተው ድፎ ዳቦ ደፉ፤ በማግስቱ ለእመቤታችን ብለው ቆርሰው ሰፈሩን ጠሩ። በውኃ ቆጣሪ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ ሁለት ጎረቤቶቻችን በዚያ ግርግር ሳያስቡት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እስክስታ ሲወርዱ ተገኙ። አንዴ ከወረዱ በኋላ እንደገና መኮራረፍ አሳፈራቸውና በዚያው ታረቁ። እኔም ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ዳቦ ቆርሻለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዕጣው ተሰረዘ። ለዕጣው ያልበቁ ሰዎች መረጃ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኘ ተባለ። ዳቦው ግን ተበልቷል።

ሰፈሩ ልክ እንደ ለቅሶ ተነሥቶ ወደ እትዬ ቤት ጎረፈ። ኢዮብ ያ ሁሉ መከራ ሲወርድበት ሦስት ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ ይላል መጽሐፉ። እነዚያ ሰዎች ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚመሰገነው ይኸው ዝምታቸው ነው፤ ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የእኛ ሰፈር ሰባት ደቂቃም አልቻለም።

«ለበጎ ነው» አሉ የራሳቸው ቪላ ያላቸው ጎረቤት።

«እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» አለች ሌላዋ። ድግሱ መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

«ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ይደርስዎት ነበር» አለ የቀለም ቀቢው ልጅ፤ ነገረ መለኮቱ ከሁሉም ይሻላል።

«ያመስግኑ እንጂ እትዬ! ሰው ቤት አግኝቶ ስንት ነገር ይደርስበታል!»

ተራው የእኔ ሆነ። ከቤቴ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ስለ ሦስቱ ወጣቶች፣ «ባያድነንም» ስለምትለው ቃል፣ ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁሉ አሳምሬ ተናገርኩ፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ነበር። እትዬ ስኒ እያጠቡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እሳቱ ውስጥ የገባኸው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ቡናው ገና አቦሉ አልተቀዳም ነበር፤ ቶናና በረካ እስኪመጣ ድረስ ቃል አልተናገርኩም።

በ2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ። የእትዬ ስም አልነበረም። እኔ እንኳ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ፈለግኩ፤ በስማቸውም፣ በአባታቸውም ስም ጀምሬ። በዚያው ወር የማርያም ጽዋ ተራቸው ደርሶ ነበርና በ21 ጠሩን። ድፎው ከበፊቱ አነስ ይላል። ጠበል ጠዲቁን ስንቀማምስ ማኅበርተኞቹ በሙሉ ጥንቃቄ ስለ ቤት እንዳይነሣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ዝናቡ ጣሪያቸውን አስታወሰንና እሱንም ተውነው።

ሰው ሲወጣ ቀርቼ «እትዬ፣ እንደው አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «የዚያን ጊዜው ዳቦ አይቆጭዎትም? ላልተገኘ ቤት ያን ያህል ምስጋና?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ምኑ ነው የሚቆጨኝ? ዳቦው እኮ ጥሩ ወጥቶ ነበር! አንተስ ሁለት ጊዜ ተነሥተህ ቆርሰህ የለ?»

«እሱማ...»

«እነዚያ የውኃ ቆጣሪዎቹስ?» የታረቁትን ጎረቤቶች ማለታቸው ነው። «ይኸው እስከ ዛሬ ቡና ይጠራራሉ። የእነሱን ዕጣ ማን ሰረዘው?»

ሌላ አልጨመሩም። የተረፈውን ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ለልጆች ብለው ሰጡኝ። ልጅ እንደሌለኝ ያውቃሉ።

ይህን ሰምቼ ተለወጥኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተለወጥኩም። ነዳጅ ሲጠፋ የኋላ መስታወታቸው ላይ «ተመስገን» የጻፉ ታክሲዎች እንደ ማኅበርተኛ ተከታትለው ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ሳይ፣ አሁንም ከምስጋናው ይልቅ ሰልፉን ነው የምቆጥረው። ሆስፒታል ስሄድም ዓይኔ ቶሎ ብሎ የጎረቤቱን አልጋ ይፈልጋል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ልቤ ከብዶኝ ነበር። ያ የኪራዩ ብድር አለ፤ ከብድሩ በላይ ደግሞ ሌላ፣ እዚህ የማልጽፈው ነገር አለ። እትዬ ቲማቲሙን እየደረደሩ ነው።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ...» አልኩና፣ ሳላስበው፣ «...እንግዲህ» ብዬ ጨመርኩበት።

ቲማቲሙን አስቀመጡ።

«እሱማ ይመስገን» አሉ። «እኔ የጠየቅኩህ ስለ አንተ ነው።»

በርጩማውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ተቀመጥኩ።